ደም እንግዳውን በምን ያውቀዋል?

በእኛ አገር «እንግዳ» የተከበረ ቃል ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ እግር ይታጠባል፣ የተሻለው መደብ ይለቀቃል። ሐኪሞቹ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፈረንጆቹ «አንቲቦዲ» የሚሉትን ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች «ፀረ እንግዳ አካል» አሉት። ጥሩ ትርጉም ነው፤ አልቃወመውም። እኔን የሚገርመኝ ግን «ፀረ» የሚለው አይደለም። ደም ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ እንግዳውን ከቤተሰቡ ለይቶ በምን አወቀው?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አይደለም ያመጣሁት። ከሰፈሬ ነው።

በ1973 ዓ.ም ማጅራት ገትር አገር ምድሩን ሲያዳርስ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው ትንሽ የገበያ ከተማ ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። እናቶች ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረው አንገታችን ላይ አሰሩልን። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቅየው የእኔ እኩያ፣ ታናሽየው ገና አምስት ዓመቱ። አንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ጋቢ ነው የሚተኙት። አንድ ዓርብ ማታ ታናሽየው «ራሴን» አለ፤ ቅዳሜ አንገቱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ እሑድ ተቀበረ። ታላቅየውን ግን ራስ ምታት እንኳ አልነካውም።

እናታቸው ለቅሶው ላይ «በአንድ ጋቢ ነው ያደሩት፤ ምነው አንዱን ብቻ መረጠብኝ?» ይሉ የነበረው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ትልልቆቹ «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለው ዝም አሉ። እኛ ልጆቹ ግን ዝም አላልንም። «እሱ ነው ያመጣበት» አልን። አብሮት ተኝቶ እሱን ካልነካው፣ በሽታው የራሱ ቢሆን ነው አልን። የልጅ ሎጂክ! ትምህርት ቤት ሲከፈት ከእሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። እኔም ሸሸሁት። ብይ አብረን የምንጫወት ልጆች ነበርን፤ ሸሸሁት።

እንግዲህ የእናትየውን ጥያቄ ይዤ ወደ ታሪኩ ልግባ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአባ ሰንጋ ነው። በ1888 ጆርጅ ነታል የሚባል ወጣት ተመራማሪ ጀርመን አገር ሆኖ ከእንስሳ በተቀዳ ደም ውስጥ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ይጨምራል። ባክቴሪያዎቹ አለቁ። ልብ በሉ፤ ደሙ ከእንስሳው ወጥቶ ብልቃጥ ውስጥ ነው ያለው። ባለቤቱ በሌለበት ቤቱን የሚጠብቅ ደም! እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሞቀው ግን ያ ኃይሉ ጠፋ። ሙቀት የሚያበላሸው አንድ ነገር ደሙ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ሙኒክ የነበረው ሐንስ ቡክነር ይህን ነገር «አሌክሲን» አለው፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ተከላካይ» እንደማለት ነው።

በዚያን ዘመን ሳይንስም እንደ አገር ድንበር ነበረው። ፈረንሳይና ጀርመን በ1870 ያካሄዱት ጦርነት ቂሙ አልበረደም። ፓሪስ፣ በፓስተር ተቋም የተቀመጠው ሩሲያዊው ሜችኒኮፍ «ሰውን የሚጠብቁት ባክቴሪያን የሚውጡ ሴሎች ናቸው» ይላል። ጀርመኖቹ ደግሞ «የለም፣ ኃይሉ ያለው በደሙ ውኃ ውስጥ ነው» ይላሉ። በ1894 የሮበርት ኮኽ ባልደረባ ሪቻርድ ፋይፈር፣ ኮሌራን እንዲቋቋም በተደረገ ጊኒ ፒግ ሆድ ውስጥ የኮሌራ ባክቴሪያ ጨምሮ ሲመለከት፣ ባክቴሪያዎቹ እንደ ጨው ሟሙ። የዋጣቸው ሴል የለም። ዝም ብለው ሟሙ! የጀርመኖቹ ወገን ነጥብ አስቆጠረ።

ያን ጊዜ ሜችኒኮፍ ላቦራቶሪ ውስጥ ጁል ቦርዴ የሚባል ቤልጂጋዊ ወጣት ይሠራ ነበር። በ1895 ገና 25 ዓመቱ ነው። ሙከራው ሲያዩት ማድቤት ውስጥ የሚሠራ ይመስላል። ኮሌራን ከተላመደ እንስሳ ሴረም ወሰደ፤ ሴረም ማለት ደም ሲረጋ ተለይቶ የሚቀረው ቢጫማ ውኃ ነው። አሞቀው፤ ኃይሉ ጠፋ። ቀጥሎ ኮሌራን አይቶ ከማያውቅ እንስሳ ትኩስ ሴረም ወሰደ፤ ይኼኛው ብቻውን ኮሌራውን እምብዛም አይጎዳውም። ከዚያ ሁለቱን ደባለቀ። ባክቴሪያዎቹ አለቁ።

ብቻቸውን ሲሆኑ የማይረቡ ሁለት ውኃዎች ሲገናኙ ገዳይ ሆኑ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሙቀት ይችላል፤ የሚበዛው በሽታውን ቀድሞ ባወቀ ደም ውስጥ ነው፤ ጠላቱን በስም ያውቀዋል፤ መግደል ግን አይችልም። ሁለተኛው ሙቀት አይችልም፤ በማንኛውም ጤነኛ ደም ውስጥ አለ፤ ማንንም በስም አያውቅም፤ ሲጠቁሙት ግን ይገድላል። አንዱ አመልካች ጣት ነው፣ ሌላው ጡጫ።

ጣቱ ዛሬ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ነው። ጡጫውን ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊሽ በ1899 «ኮምፕሊመንት» አለው፤ በእኛ «ማሟያ» ነው። የጎደለውን የሚሞላ። ቦርዴ ስሙን አልወደደውም፤ «አሌክሲን» ማለቱን አልተወም። ስሙ የኤርሊሽ ሆኖ ቀረ፤ የ1919 የኖቤል ሽልማት ግን የቦርዴ ሆነ። የሜችኒኮፍ ተማሪ ሆኖ የተቃራኒውን ቡድን ክርክር ያጠናከረ ሰው ነው! እግረ መንገዴን፣ በ1906 የትክትክን ባክቴሪያ ከኦክታቭ ዣንጉ ጋር ለይቶ ያወጣውም እሱ ነው፤ ባክቴሪያው ዛሬም «ቦርዴቴላ» ተብሎ በስሙ ይጠራል።

በኋላ ሲታይ «ማሟያ» አንድ ነገር አልነበረም። ከሠላሳ የሚበልጡ ፕሮቲኖች ጭፍራ ነው፤ አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ነው። ዋና ዋናዎቹ ከሲ1 እስከ ሲ9 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ታዲያ ተራቸውን ጠብቀው የሚሠሩ እንዳይመስላችሁ። ከሲ1 ቀጥሎ ሲ4 ነው፣ ከዚያ ሲ2፣ ከዚያ ሲ3። ቁጥሩ የተሰጠው በሥራቸው ቅደም ተከተል አልነበረማ! የአዲስ አበባን የቤት ቁጥር ይዞ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አንድ ሐኪም ወዳጅ አለኝ። ይህን ሁሉ አንብቤ «ስማ ዶክተሬ፣ ጡጫው ማንንም አያውቅም ካልክ፣ ጣቱ በሌለበት ጊዜስ? ሕፃን ልጅ፣ በሽታውን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ደሙ ዝም ብሎ ያያል?» አልኩት።

ሳቀ። «ሦስት በር አለው» አለኝ።

አንደኛው የቦርዴ በር ነው። ሲ1 ስድስት ራስ ያለው የአበባ እቅፍ ይመስላል። ባክቴሪያ ላይ የተለጠፉትን ፀረ እንግዳ አካላት በእነዚህ ራሶች ይይዛል። አንድ ራሱ ብቻ ቢይዝ አይነሣም፤ ብዙ ራሶቹ አንድ ላይ መያዝ አለባቸው። በአንድ ምስክር አይፈርድም ማለት ነው።

ሁለተኛው በር የስኳር በር ነው። ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ገላቸው ላይ ማኖስ የሚባል ስኳር የሚደረድሩበት የራሳቸው አደራደር አላቸው፤ የእኛ ሴሎች ስኳራቸውን የሚጨርሱት በሌላ ዓይነት ነው። ደማችን ውስጥ ይህን አደራደር ዳስሶ የሚለይ ፕሮቲን አለ። ፀረ እንግዳ አካል ሳይጠብቅ ማሟያውን እንደሚያስነሣ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው። ጥልፉን አይቶ «ይኼ የእኛ ሰፈር ጥልፍ አይደለም» እንደሚሉ ሴቶች ነው።

ሦስተኛው በር የሰው ሕይወት ታሪክ አለበት። ሉዊስ ፒልመር በ1908 ደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሳይንቲስት ነው። በ1954 «ማሟያው ፀረ እንግዳ አካል ሳያስፈልገው በራሱ ይነሣል፤ ፕሮፐርዲን የሚባል ፕሮቲን ያግዘዋል» ብሎ ጻፈ። ጋዜጦች አራገቡት። ወዲያው ተቃዋሚዎች ተነሡ፤ «ያየኸው ጥቂት የተፈጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ አዲስ ነገር አላገኘህም» አሉት። ፒልመር በ1957 በ49 ዓመቱ ሞተ፤ ክርክሩ ሳይፈታ። እውነተኛነቱ የተረጋገጠለት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ የማሟያ ትምህርት ያለ ሦስተኛው በር አይሰጥም። ለሙት መመስገን ምን ያደርግለታል? እኛስ ቢሆን በቁሙ ያላመንነውን ስንቱን ነው መቃብሩ ላይ ያመንነው?

የዚህ በር አሠራር ከሁሉ ይገርማል። ሲ3 የሚባለው ፕሮቲን ደም ውስጥ እየዞረ ሳለ፣ ማንም ሳያዝዘው ጥቂት ጥቂቱ በየጊዜው ይፈነዳል። ከዚያም ቁራጩን አጠገቡ ባገኘው ገላ ላይ ይለጥፋል፤ የባክቴሪያም ይሁን የራሳችን። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚለጠፍበት ካላገኘ ይመክናል። ቁራጩ ከተለጠፈና ከልካይ ካጣ ሌሎች ሲ3ዎችን ይጠራል፤ እነሱም ሌሎችን። ደቂቃዎች ውስጥ ባክቴሪያው ከላይ እስከ ታች ይሸፈናል።

ሽፋኑ ለምን ይጠቅማል? ለንደን የነበረው አልምሮት ራይት በ1903 ይህን ሥራ «ኦፕሶኒን» የሚል ስም ሰጥቶታል። ቃሉ የመጣው «ኦፕሶን» ከሚለው ግሪክኛ ነው፤ ኦፕሶን ማለት ከዳቦ ጋር የሚበላው ማባያ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ወጥ ነዋ! ነጭ የደም ሴል ደረቅ ባክቴሪያ አይጥመውም፤ ወጥ ሲፈስበት ግን ይጎርሳል። የሜችኒኮፍ በላተኛ ሴሎችና የጀርመኖቹ ውኃ የተጣሉት በከንቱ ነበር፤ አንዱ እንጀራ ሌላው ወጥ ነው።

ማሟያው ሌላም ሥራ አለው። ከሲ5 እስከ ሲ9 ያሉት ተያይዘው በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ክብ ቀዳዳ ይበሳሉ። ፋይፈር እንደ ጨው ሲሟሙ ያያቸው በዚህ ነው። በ1964 ቀዳዳዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ተነሥተዋል። ገላቸው ወፍራም ግድግዳ የሆኑት ባክቴሪያዎች በቀዳዳ አይበገሩም፤ እነሱን ወጡ ነው የሚያስበላቸው። የማጅራት ገትሩ ባክቴሪያ ግን ቀዳዳውን ይፈራል።

«ቆይ» አልኩት ወዳጄን፤ «ሲ3 ያገኘው ላይ ሁሉ የሚለጠፍ ከሆነ፣ እኛንስ ለምን አይበላንም?»

«መታወቂያ አለና!» አለኝ።

የእኛ ሴሎች ገላ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳርና ሌሎች ምልክቶች አሉ። ፋክተር ኤች የሚባል ፕሮቲን ደም ውስጥ እየዞረ እነዚህን ምልክቶች ሲያገኝ ይቆማል፤ በስሕተት የተለጠፈውን ሲ3ም ያከሽፈዋል። ስለዚህ ሦስተኛው በር እንግዳውን አያውቅም። የሚያውቀው ቤተሰቡን ነው። ሁሉን ይነካል፤ መታወቂያ ያሳየውን ይለቃል፤ ያላሳየውን አይለቅም።

መታወቂያ ባለበት አገር ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ፎርጅድ አለ። የማጅራት ገትሩ ባክቴሪያ ገላው ላይ የእኛን ፋክተር ኤች የሚይዝ መንጠቆ አለው። የእኛኑ መታወቂያ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይገባል። ከባክቴሪያው ዝርያዎች አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው ራሳቸውን በሲያሊክ አሲድ ይሸፍናሉ። ቅማል የሚያስተላልፈው፣ አገራችን ደህና አድርጋ የምታውቀው አገርሺ ትኩሳትም ይህንኑ የፋክተር ኤች ስርቆት ያውቅበታል። የሥጋ ደዌው ደግሞ የባሰ ብልጥ ይመስላል። በ1994 በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት የታተመ ሲሆን፣ ያ ስኳር ዳሳሽ ፕሮቲን ከጤነኞቹ ይልቅ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው በላተኛው ሴል ውስጥ ስለሆነ መጎረስን ይፈልገዋል፤ ወጡ ይጠቅመዋል ማለት ነው። ዘበኛው በር ከፋች ሲሆን ይኼ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ልመለስ።

የማጅራት ገትር ባክቴሪያ የሚኖረው በሰው ጉሮሮ ነው። ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ምንም ሳይታመም ተሸክሞት ይዞራል። ሳያውቅ። አብዛኛው ሰው እንዲህ ሳይታመም ሲተዋወቀው ደሙ አመልካች ጣት ያበቅላል። በ1969 ጎልድሽናይደር፣ ጎትሽሊክና አርተንስታይን የሚባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት አለ። ፎርት ዲክስ በሚባል የጦር ካምፕ ከምልመላ ወታደሮች ገና ከመታመማቸው በፊት ደም ወስደው አስቀመጡ። በኋላ ከታመሙት 54 ወታደሮች ውስጥ ሴረማቸው ባክቴሪያውን መግደል ይችል የነበረው 3ቱ ብቻ ነበሩ። ካልታመሙት 540 ውስጥ ግን የ444ቱ ሴረም ይገድል ነበር። እንግዲህ ባክቴሪያው እየመረጠ አልነበረም። ያገኘው ሁሉ ጋ ገብቷል። የአንዱ ደም ጣቱም ጡጫውም ነበረው፤ የሌላው ደም ጡጫ እንጂ ጣት አልነበረውም። አንዳንድ ሰው ደግሞ ጣቱ እያለው ጡጫው ይጎድለዋል፤ ከሲ5 እስከ ሲ9 ካሉት አንዱ ከተፈጥሮ የሌለው ሰው በማጅራት ገትር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል።

የቦርዴ ሙከራ ሙዚየም አልገባም። ዛሬም የማጅራት ገትር ክትባት መሥራት አለመሥራቱ የሚለካው በእሱ ነው። የተከተበው ሰው ሴረም ለግማሽ ሰዓት 56 ዲግሪ ላይ ይሞቃል፤ የራሱ ማሟያ ይሞታል። ከዚያ ከውጭ ትኩስ ማሟያ ይጨመርና ባክቴሪያው ሞተ አልሞተ ይታያል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ለተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ተብሎ የተሠራው፣ ዋጋው ከግማሽ ዶላር በታች የነበረው ክትባት በዚሁ ሚዛን ተመዝኖ ነው በ2010 ቡርኪና ፋሶ፣ በ2013 እኛ ጋ የገባው። የ«ኤ» ዓይነት የሚባለው፣ ያን ጊዜ አካባቢውን ይፈጅ የነበረው ማጅራት ገትር ከ2017 ወዲህ በቀበቶው ውስጥ አልተገኘም። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሁንም አሉ።

የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ለቅሶ ደረስኩ። ታላቅየው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሸብቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው ወጣ ወጣ ሲል «ያኔ ሸሽቼሃለሁ» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

«ሁላችሁም ሸሻችሁኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔም እውነት መስሎኝ ነው ያደግኩት። እማዬ አንድ ቀን አንተ ነህ ብላኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።»

ከላይ የጻፍኩትን እንደሚሆን አድርጌ ነገርኩት። ስለ ጣቱና ስለ ጡጫው፣ ስለ ወታደሮቹ፣ ከአሥር አንዱ ሳያውቅ ስለሚሸከመው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ታዲያ እናንተም ጉሮሮ ውስጥ ነበረ ማለት ነው?» አለኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩት። «የእኔ ጉሮሮ ውስጥም ሊሆን ይችላል። ያን ሳምንት ከታናሽህ ጋር ብይ ስንጫወት ነበር።»

ወደ ድንኳኑ በር አየ። የሰፈሩ ሴቶች ንፍሮ ይዘው እየገቡ ነበር።

«ይኼን ለእማዬ ብትነግርልኝ ኖሮ» አለኝ።

ዘግይቼ ነበር የደረስኩት።